«ጥይቱ ገብቷል፣ መሣሪያውም ተዘግቷል»፦ ይተኮስ ወይስ ይቅር?

የወገራው

ሰላም ለዚህ ቤት። እኔ የምኖረው ጎንደር ከተማ ነው፣ ቤተሰቦቼ ግን አምባ ጊዮርጊስ አካባቢ ናቸው። አያቴ ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ሙት ዓመታቸው የፊታችን እሑድ ይወጣል። አጎቴ «አባቴ ያለ ተኩስ አይዘከርም» ብሎ ድርቅ ብሏል።

አያቴ ትተውት የሄዱት አንድ ጠመንጃ አለ። ቤተሰቡ «ኤም ዋን» ነው የሚለው። ሰደፉ እንጨት ነው፣ ይከብዳል፣ ጥይት የሚጎርሰው ከላይ ነው። ሣጥናቸው ውስጥ አሮጌ ዝናርም አግኝተናል። ዝናሩ ውስጥ የቀሩት ጥይቶች አርጅተዋል፣ አንዳንዶቹ አረንጓዴ ዝገት ይዘዋል። አጎቴ እነሱን ትቶ ከሚያውቀው ሰው አዲስ ጥይት ገዛ። ሻጩ «ሁለቱም ሰባት ስድሳ ሁለት ነው፣ ያው ነው» ብሎታል።

እኔ የተጠራጠርኩት ሁለቱን ጎን ለጎን ሳቆማቸው ነው። የእርሳሱ ውፍረት እኩል ነው። ቂጣቸውም እኩል ነው። ቁመታቸው ግን አይገናኝም። በእህቴ ልጅ ማስመሪያ ስለካ የአያቴ ጥይት ቀለህ ብቻውን 63 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆነ። የአጎቴ 51 ነው። አዲሱ ቂጡ ላይ በክብ ውስጥ የመስቀል ምልክት አለበት።

አጎቴ ትናንት አንዷን በእጁ አስገብቶ ዘጋው። ትንሽ ጠበቅ አለ እንጂ ተዘጋ። «አየህ? ልኩ ባይሆን ይዘጋ ነበር?» አለኝ። መልስ አጣሁ። እውነት ከተዘጋ ችግር የለውም? የምታውቁ ንገሩኝ።

የአርማጭሆ ልጅ

ወንድሜ አታካብድ። አባቶቻችን ጣሊያንን ሲዋጉ ጥይት በማስመሪያ እየለኩ አልነበረም። ያገኙትን ነው ያጎረሱት። የኔ ቅድመ አያት በድሮው የውጅግራ ጠመንጃ ቀለሁን ራሳቸው እየሞሉ ነበር የሚተኩሱት፣ ሰማንያ ምናምን ዓመት ኖረው በአልጋቸው ነው ያረፉት። አጭር ጥይት ቢበዛ ሩቅ አይሄድም። ወደ ሰማይ ለሚተኮስ ደግሞ ምን ልዩነት አለው? አጎትህ ካንተ የተሻለ መሣሪያ ያውቃል።

ጠጋኙ ከአዘዞ

የወገራው፣ ሌላውን ሁሉ እንመለስበታለን። መጀመሪያ አንድ ነገር ንገረኝ። ያቺ ጥይት አሁንም ውስጡ ናት?

ከሆነች ማንም ቃታው ዘንድ ጣት እንዳያደርስ። አፈሙዙ ሰውም ከብትም ወደሌለበት ይዙር። ልጆች ከቤት ይውጡ። ከዚያ እጀታውን በቀስታ ወደ ኋላ ስቦ ማውጣት ነው። እምቢ ካለች አትታገሏት፣ ባለበት ይቀመጥና መሣሪያ የሚያውቅ ሰው ይምጣ። ከአፈሙዙ በኩል ብረት ከትቶ መግፋት የሚባል ነገር እንዳታስቡ። ቶሎ መልስ።

የወገራው

ጋሼ፣ ትናንት ማታውኑ አውጥቷታል። ከእጀታው ጋር ትንሽ ታግሎ ነው የወጣችው። ትከሻዋ ላይ ጭረት አለባት። አሁን መሣሪያው ባዶ ነው፣ ራሴ አይቻለሁ።

ጠጋኙ ከአዘዞ

እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን ረጋ ብለን እናውራ።

እኔ በቀድሞው ጦር የመሣሪያ ጥገና ክፍል ያረጀሁ ሰው ነኝ። የአሜሪካኑንም የሩሲያውንም ፈትቼ ገጥሜያለሁ። ዛሬ አዘዞ ተቀምጬ የልጅ ልጅ እጠብቃለሁ። እዚህ የምጽፈውም እነሱ ሲተኙ ነው፣ ፊደል ብገድፍ እለፉኝ።

በማስመሪያ መለካትህ ከሁሉ የበለጠ ሥራ ነው። 63 እና 51 ብለህ ነገሩን ጨርሰኸዋል። የአያትህ ጥይት አሜሪካኖች በ1906 እ.ኤ.አ. ለጦራቸው ያወጡት ነው። «ሠላሳ ዜሮ ስድስት» የሚሉትም ለዚህ ነው፣ ሠላሳው ከኢንች መቶኛ የአፈሙዙ ልክ፣ ዜሮ ስድስቱ ዓመቱ። ኤም ዋን የተሠራው ለእሱ ነው። ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ ሲዘምት የያዘው ይህንኑ ጠመንጃ ነበር። አጎትህ የገዛው ደግሞ ከዚያ በኋላ ኔቶ የተቀበለው ጥይት ነው፣ ክብ ውስጥ ያለው መስቀል የኔቶ ምልክት ነው። ኤም ዋንን የተካው የኤም 14 ጠመንጃ ጥይት ማለት ነው። የሁለቱም እርሳስ ውፍረት አንድ ነው፣ 7.82 ሚሊ ሜትር ገደማ። ቂጣቸውም አንድ ነው። ሻጩ ዋሽቷል አልልም። ግማሹን ነው የተናገረው።

አሁን «ተዘጋ» ወዳልከው ልምጣ። የመሣሪያው መጉረሻ፣ ማለት ጥይቱ የሚቀመጥበት ጉድጓድ፣ የተቆፈረው ለ63 ነው። 51 ስታስገባበት ፊት ለፊት 12 ሚሊ ሜትር ባዶ ቦታ ይቀራል። ከኋላ መዝጊያው ይይዛታል። ከፊት ግን ትከሻዋን የሚደግፈው የለም። ጠበቅ ያለችው ትከሻዋ ከመጉረሻው ግድግዳ ጋር ስለተፋጨች ነው። ጭረቱም ከዚያ የመጣ ነው።

ሲተኮስ ምን ይሆናል? ብዙ ሰው ቀለህን ባሩድ መያዣ ቆርቆሮ ብቻ አድርጎ ያየዋል። ዋና ሥራው ሌላ ነው። ባሩዱ ሲነድ ቀለሁ ይነፋና ከመጉረሻው ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። ጋዙ ወደ ኋላ እንዳያመልጥ የሚዘጋው እሱ ነው። እርሳሱ ከወጣ በኋላ መልሶ ሸሸት ይልና ይወጣል። ይህን የሚችለው ግን ግድግዳው ቅርብ ሲሆን ነው። ግድግዳ ከሌለው ናሱ ራሱን ችሎ መቆም አይችልም፣ ይለጠጣል፣ ይሰነጠቃል። አንዳንዴ አንገቱ ጋ፣ አንዳንዴ ቂጡ ጋ። ቂጡ ጋ የተበጠሰ እንደሆነ ጋዙ በመዝጊያው በኩል ወደ ተኳሹ ፊት ይመጣል።

የግፊቱን መጠን በመኪና ጎማ አስበው። ጎማ ሁለት ባር ተኩል ገደማ ነው የሚነፋው። እዚህ ውስጥ ያለው ግን ወደ 4000 ባር ይጠጋል። በእሱና በዓይንህ መካከል ያለው ያ መዝጊያ ብቻ ነው። አጎትህ ደግሞ ለማነጣጠር ጉንጫቸውን ሰደፉ ላይ ያስደግፋሉ።

ሁልጊዜ ይፈነዳል አልልህም። እንዲህ ብዬ ባስፈራራ አንድ ሰው ተነሥቶ «እኔ ተኩሼ ምንም አልሆንኩም» ይለኛል፣ እውነቱንም ይሆናል። ኤም ዋን ጠንካራ መሣሪያ ነው። ብዙ ጊዜ ቀለሁ ተነፍቶ፣ ትከሻው ጠፍቶ ይወጣል፣ ሰውዬው አንሥቶ እንኳ አያየውም። ሁለተኛውን ያጎርሳል። ቀጥሎ የሚመጣው የትኛው እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም። በኛ ሥራ ፈጽሞ የማይገባ ጥይት አያሳስበንም ነበር፣ ራሱን በራሱ ከልክሏል። የምንፈራው የሚገባውን ነው።

ደግሞ «ሰባት ስድሳ ሁለት» ብሎ ጥይት መግዛት ምን ማለት እንደሆነ ልንገርህ። 7.62 ብቻውን ምንም አይነግርህም። ባለ 25 አለ፣ የቶካሬቭ ሽጉጥ ነው። ባለ 39 አለ፣ የክላሽ ነው። ባለ 51 አለ፣ የአጎትህ። ባለ 54 አለ፣ ቂጡ ላይ ከንፈር ያለው፣ ድራጉኖቭ ጠመንጃና ፒኬኤም መትረየስ የሚጎርሱት። ሁሉም 7.62 ነው ስማቸው። ሁለተኛው ቁጥር የቀለሁ ቁመት ነው። የሩሲያ መሣሪያ በገፍ ሲገባ አሜሪካኑም ገና ከመጋዘን አልወጣም ነበር፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ተደርድረው ነው የከረሙት። «ሰባት ስድሳ ሁለት ስጠኝ» ብሎ የመጣውን ወታደር ባዶ እጁን ነበር የምመልሰው። «ስንት በስንት?» ካላለ አልሰጥም። ግትር ይሉኝ ነበር። ይበሉ።

አንድ ሥራ ልስጥህ። የመሣሪያው ባዶ መሆን በድጋሚ ይረጋገጥ። ከዚያ ከማነጣጠሪያው ኋላ፣ ብረቱ ተረከዝ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ ፈልግ። በላቲን ፊደል «ዩ ኤስ ራይፍል፣ ካሊበር .30 ኤም 1» የሚል ከሆነ ነገሩ አለቀ። ከሥሩ የሚወጣ ካዝና ካለው ግን ንገረኝ። ጣሊያኖች፣ ቤሬታ ማለቴ ነው፣ ኤም ዋንን ቀይረው 51 እንዲጎርስ ያደረጉት ቢኤም 59 የሚባል አለ። ከሩቅ ሲያዩት መንታ ናቸው። ለዚህ ነው በመልክ ብቻ አልፈርድም የምልህ።

የአርማጭሆ ልጅ፣ ቅድመ አያትህን ነፍስ ይማር። ስለ ውጅግራ ያልከው ልክ ነው። ግን ውጅግራ 11 ሚሊ ሜትር ነው፣ በጥቁር ባሩድ ዘመን የተሠራ፣ የ1874 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ሥራ። ጥቁር ባሩድ ጭሱ እንጂ ግፊቱ ያን ያህል አይደለም። አባቶች ቤት ያዘጋጁትን ባሩድ ሲሞሉበት ለመሣሪያው የሚስማማውን ነበር የሚሰጡት። እነሱም ሲሞሉ ይሰፍሩ ነበር እኮ፣ ያገኙትን አይከትቱም። ከዘመናዊ ጥይት የተራገፈ ጭስ አልባ ባሩድ በዚያው መጠን ውጅግራ ውስጥ የሞላ ሰው ግን አፈሙዙን ይሰነጥቀዋል። እና ደግሞ፣ የተሰነጠቀበት ሰው ለልጅ ልጁ አውርቶ አያውቅም።

ሲስተር ከማራኪ

ጋሼ የጻፉትን እኔ ከሌላው ጫፍ ነው የማየው። ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው። መሣሪያ እጁ ላይ የፈነዳበት ሰው ሲመጣ ሁለት ቦታ ነው የምናየው፣ ዓይንና ግራ እጅ። ግራ እጅ ጠመንጃውን ከሥር ስለሚደግፍ ነው። ዓይን ውስጥ የምናገኘው የናስ ፍንጣሪ፣ የእንጨት ስንጥርና ያልነደደ ባሩድ ነው።

አይድረስባችሁ እንጂ ከደረሰ፣ ዓይን ውስጥ የተሰካ ነገር አትንቀሉ። አትሹት፣ አትጫኑት። የወረቀት ኩባያ ቢጤ ከላይ አልብሳችሁ በፋሻ ያዙትና አምጡት። እጅ ከደማ ንጹሕ ጨርቅ ደርባችሁ አጥብቃችሁ ተጫኑ፣ ከፍ አድርጉት። የተቆረጠ ጣት ካለ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉ፣ ፌስታል ውስጥ ክተቱ፣ ፌስታሉን በረዶ ላይ አስቀምጡ። ጣቱ ራሱ በረዶ እንዳይነካው። እና እባካችሁ ቡና አትነስንሱበት! ቡናውን ከቁስሉ ውስጥ ስንለቅም ነው ሰዓቱ የሚያልቀው።

ወደ ሰማይ ስለመተኮስም አንድ ነገር ልበል። የወጣው ይወርዳል። ሰው በተሰበሰበበት ድንኳን ላይ።

ቨርጂኒያ ያለሁት

የጎንደር ልጅ ነኝ፣ አሁን አሜሪካ ነው ያለሁት። ሥራ ቦታ ጓደኞቼ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ የተኩስ ሜዳ እንሄዳለን። ጋሼ ያሉት እዚህም የታወቀ ችግር ነው። የአምራቾቹ የደረጃ ማኅበር የትኛው ጥይት የትኛው መሣሪያ ውስጥ እንደማይገባ ረጅም ዝርዝር አውጥቷል። 

እዚህ በጣም የሚወራው የኤም 16 ዓይነት መሣሪያ ላይ የሚደርሰው ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. «ሦስት መቶ ብላክአውት» የሚባል ጥይት ደረጃ ወጣለት። ቀለሁ ከኤም 16ቱ ጥይት፣ ከ5.56 ቀለህ የተወሰደ ስለሆነ ካዝናውም መዝጊያውም አንድ ነው። እርሳሱ ግን 7.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንዳንዱ የእርሳስ ዓይነት ባለ 5.56ቱ መሣሪያ ውስጥ ገብቶ ይዘጋል። 7.8 በ5.7 ቀዳዳ አያልፍም። መሣሪያው ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱንም ዓይነት የያዘ ሰው ካዝናዎቹን በቀለም ፕላስተር ይለያል፣ አንዱ ጠረጴዛ ላይ ሳለ ሌላው ከሻንጣ አይወጣም።

ሌላው የአደን ጠመንጃ ነው። ባለ 12 የሚባለው ሰፊ ነው፣ ባለ 20 ጠባብ። ቁጥሩ ሲጨምር ይጠባል፣ ግራ ያጋባል። የ20ውን ጥይት በስሕተት 12ቱ ውስጥ ብትከት ሾልኮ ወደ ፊት ይሄድና አፈሙዙ ውስጥ ይቀረቀራል። ቃታ ስትስብ ቀጭ ብቻ ይላል። ከፍተህ ስታየው መጉረሻው ባዶ ነው፣ የረሳህ ይመስልሃል። ትክክለኛውን 12 ትጨምርበታለህ። ስትተኩሰው አፈሙዙ ይፈነዳል። ለዚህ ነው የ20 ጥይት እዚህ ቢጫ የሚሆነው፣ በቀለሙ እንዲታወቅ። በአንድ ኪስ ሁለት ዓይነት ጥይት የሚይዝ ሰው አጠገብ አልቆምም እኔ።

የአርማጭሆ ልጅ

እሺ ጋሼ፣ ስለ ውጅግራው ተቀብያለሁ። ጭሱንማ እናቴም ታወራልን ነበር፣ አንዴ ተኩሰው ሰውየው እስኪታይ ይጠበቃል ትላለች።

ሽጉጥስ? አንድ ዘመዴ ባለ ዘጠኝ አለው። የማካሮቭም ዘጠኝ ነው፣ ይገባለታል ሲሉ ሰምቻለሁ። ለዘመዴ ነው የምጠይቀው።

ጠጋኙ ከአዘዞ

ለዘመድህ ንገረው፣ «ስንት በስንት?»።

የማካሮቭ 9 በ18 ነው። ብዙው የምዕራብ ሽጉጥ 9 በ19 ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ይመስላል። ግን የማካሮቭ እርሳስ ወፍራም ነው፣ 9.27 አካባቢ። የሌላው 9.03 ገደማ። ስሙ ዘጠኝ፣ ልኩ ሌላ። የማካሮቭን ባለ 19ኙ ውስጥ ብትከት ወይ ግማሽ መንገድ ላይ ይነክሳል፣ ወይ በግድ ይገባና ወፍራሙ እርሳስ በጠባቡ አፈሙዝ ይጨመቃል። ግልባጩ ይብሳል። የባለ 19ኙ ግፊት ከማካሮቭ በጣም ይበልጣል። ማካሮቭ ደግሞ መዝጊያው የሚቆለፍ አይደለም፣ በክብደቱና በስፕሪንጉ ብቻ ነው የሚይዘው። ለሱ ልክ ነው የተሠራው።

ሌላም አለ፣ ዘመድህ የገዛው ከገበያ ከሆነ። ለድምፅ ብቻ ተሠርተው በኋላ በየጓዳው የተቀየሩ ሽጉጦች ገብተዋል። ሲያዩአቸው ያብረቀርቃሉ። ብረታቸው ግን ለእውነተኛ ጥይት አልተሠራም፣ ለስላሳ ቅይጥ ነው። እነዚህ ላይ ልከኛ ጥይት የሚባል የለም። ልኩ ቢገጥምም ብረቱ አይችለውም። እኔ ቢሰጡኝ እጄ ላይ አልይዝም።

ሲስተር፣ ቡናውን ስላነሳሽው እግዚአብሔር ይስጥሽ። ግራ እጅ ያልሽውም እውነት ነው።

የወገራው

ዛሬ አምባ ጊዮርጊስ ደርሼ መጣሁ። ጽሑፉን አግኝቼዋለሁ፣ አቧራና ቅባት ሸፍኖት ነበር። ጋሼ እንዳሉት ነው፣ ካሊበር .30 ይላል። ከሥሩ ካዝና የለውም። ስለዚህ የአያቴ ጥይት ልኩ ነበር፣ የአጎቴ አይደለም።

ለአጎቴ የጋሼን መልስ አነበብኩለት። መጀመሪያ ተቆጣ። «ስልክ ላይ ያለ ሰው የአባቴን መሣሪያ ያስተምረኛል?» አለ። 4000 ባር የሚለው ጋ ስደርስ ግን ዝም አለ፣ ጎማ የሚያስተካክል ልጅ አለው። ልጁን ጠርቶ «ሁለት ተኩል እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀው። ልጁም «የጭነት መኪና ከሆነ ይበልጣል» ብሎ ነገሩን ሊያበላሸው ነበር። ለማንኛውም ጥይቶቹን ለሻጩ ሊመልስ ነው መሰል፣ ከእኔ ጋር አልተማከረም።

እሑድ ተኩስ የለም። እናቴ ናት የቆረጠችው። ቀረርቶና ፉከራ የሚያውቅ ሰው ከዳባት ይመጣል፣ ጠመንጃው ባዶውን ከፎቷቸው አጠገብ ይቆማል። አጎቴ ዝናሩን ልታጠቅ ብሏል፣ ያለ ጥይት።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። የአያቴ አሮጌ ጥይቶች ልካቸው እስከሆነ ድረስ ይሠራሉ? አንድ ጎረቤት በነጭ ጋዝ እጠቧቸው፣ አረንጓዴው ይለቃል ብሎናል። ሁለተኛ፣ መሣሪያው በአያቴ ስም ነው ፈቃዱ። አሁን ምን እናድርግ?

ጠጋኙ ከአዘዞ

ነጭ ጋዝ አታስነኩት! ጋዝና ዘይት በካፕሱሉ፣ ማለት ቂጡ ላይ ባለችው ባሩዱን በምትለኩሰው፣ ዙሪያና በአንገቱ በኩል ሰርገው ይገባሉ፣ ባሩዱን ያረጥባሉ። ያኔ ወይ ይከሽፋል፣ ወይ ከዚያ የከፋው ይሆናል። ካፕሱሉ ብቻ ይነድና እርሳሱን እስከ አፈሙዙ መሐል ገፍቶ ይተወዋል። ተኳሹ የሚሰማው ደከም ያለ «ጠፍ» ነው፣ ሰደፉም ትከሻውን አይመታውም። ካላወቀ ሁለተኛውን ያጎርሳል። ያ ሁለተኛው ጥይት ልኩ ቢሆንም፣ አዲስ ቢሆንም፣ መንገዱ ተዘግቷል። አፈሙዙ ያብጣል ወይ ይቀደዳል። ድምፁ የደከመ ተኩስ ከሰማችሁ መሣሪያው እዚያው ይቆማል፣ ተፈትቶ አፈሙዙ ብርሃን እስኪታይበት ድረስ።

ጭራሽ ያልጮኸ ከሆነ ደግሞ ቶሎ አትክፈቱ። ዘግይቶ የሚነድ አለ። አፈሙዙን ባለበት አቅጣጫ ይዞ አንድ ደቂቃ መታገሥ ነው፣ ከዚያ ነው የሚከፈተው። ይህን ለምልምል ልጆች ስናስተምር አንድ ደቂቃ ይረዝምባቸው ነበር፣ ጸሎት አድርጉበት እላቸው ነበር።

አረንጓዴው ናሱን የበላው ዝገት ነው። ከላይ ብታብሰው ከሥሩ ምን ያህል እንደሳሳ አታውቅም። እነዚያን ጥይቶች አትተኩሷቸው። እሳት ውስጥ አትጣሏቸው፣ ጓሮ አትቅበሯቸው፣ ልጆች ቆፍረው ያወጧቸዋል። አጎትህ የገዟቸውንም ለሻጩ መመለስ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ነው፣ ነገ ሌላ ኤም ዋን ያለው ይገዛቸዋል። ሁለቱንም ዓይነት ለየብቻ ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ፣ ላያቸው ላይ 63 እና 51 ብላችሁ ጽፋችሁ ለፖሊስ አስረክቡ። ለመታሰቢያ ከፈለጋችሁ የተተኮሰ ባዶ ቀለህ ይበቃል፣ ዝናሩ ውስጥ ፈልግ፣ አንዳንድ ሽማግሌ ያስቀምጣል።

ስለ ፈቃዱ፣ የጦር መሣሪያ አዋጁ ቁጥር 1177/2012 ነው። ፈቃድ በሰው ስም ነው የሚሰጠው፣ አያትህ ካረፉ ዝም ብሎ ለልጅ አይተላለፍም። አጎትህ ወይም እናትህ የሞት ማስረጃውንና የድሮውን ፈቃድ ይዘው ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ያሳውቁ። መሣሪያውን ግን ይዘው እንዳይሄዱ። በዚህ ጊዜ ጠመንጃ ተሸክሞ መንገድ ላይ መታየት ለማንም አይበጅም። መጀመሪያ በወረቀት ያሳውቁ፣ አምጡ ሲባሉ ወይም መጥተው ሲያዩ ያኔ ይሆናል።

እስከዚያው መዝጊያውን ክፍት አድርጋችሁ፣ ባዶውን፣ ቁልፍ ያለው ሣጥን ውስጥ አኑሩት። ልጆች መዝጊያው ውስጥ ጣት እንዳይሰዱ። ኤም ዋን አውራ ጣት የሚነክስ መሣሪያ ነው፣ እኔንም ነክሶኛል።

የወገራው

አመሰግናለሁ ጋሼ። ጥይቶቹን ከአጎቴ ለማስቀረት ዛሬ ማታ እደውልለታለሁ፣ ሻጩን የሚያገኘው ቅዳሜ ገበያ ቀን ነው። ወረቀቱን ለማሳወቅ ሰኞ እናቴን ይዤ እሄዳለሁ። የድሮው ፈቃድ ግን ግማሹ በአይጥ ተበልቷል፣ ቁጥሩ ብቻ ነው የሚነበበው። ይበቃ ይሆን?

ጠጋኙ ከአዘዞ

ቁጥሩ ከመሣሪያው ተረከዝ ላይ ካለው ቁጥር ጋር ከገጠመ መነሻ ይሆናችኋል። ሁለቱንም አስተያይተህ ወረቀት ላይ ገልብጠህ ሂድ። የቀበሌ የምስክር ደብዳቤም ብትጨምሩ አይጎዳም።